ባዕድ አገር በመኪና ስትጓዙ፦ ለአንድ ሌሊት የት ብታድሩ ሰው ትተዋወቃላችሁ?

ቀኑን ሙሉ ስትነዱ ውላችሁ ወደማታውቁት ከተማ እየተቃረባችሁ ነው። ነገ ጠዋት ትወጣላችሁ። ስልካችሁ ላይ ሆስቴሉ (ክፍሉን ከሌሎች እንግዶች ጋር የሚጋሩበት ማደሪያ)፣ ካምፒንጉ (የድንኳን መትከያ ግቢው)፣ ገስት ሃውሱ፣ ሆቴሉ፣ በኮድ የሚከፈተው አፓርታማ ተደርድሯል። ፎቶው ሁሉ የአልጋ ነው። ከማን ጋር እንደምታመሹ የሚናገር ፎቶ የለም።

ይህን የጻፍኩት ለዚያች ምሽት ነው። ከእንቅልፍ ሌላ ሰው መተዋወቅም ለሚፈልግ መንገደኛ። ዋጋና ንጽሕና እያያችሁ አልጋ መያዝ ታውቁበታላችሁ። እኔ የማወዳድረው ምሽቱን ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። በአንድ ሌሊት የልብ ጓደኛ አይገኝም። የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ሁለት ሰዎች ከመተዋወቅ አልፈው ተራ ወዳጅ ለመሆን 50 ሰዓት ያህል አብረው ማሳለፍ አለባቸው። ጓደኛ ለመባል 90 ሰዓት ያህል፣ የልብ ጓደኛ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። ከእራት እስከ መኝታ ያለው ጊዜ ግን ቢበዛ አራት አምስት ሰዓት ነው። ይሄ ተስፋ አያስቆርጥም፤ ምርጫችንን ግን ይለውጠዋል። ዛሬ የተዋወቅነውን ሰው ነገ ደግመን ልናገኘው የምንችልበት ማደሪያ ከሁሉም ይበልጣል።

በመኪና መጓዝ እዚህ ላይ በጣም ይረዳል። አውራ ጎዳና ሰውን መልሶ መላልሶ ያገናኛል። አጠገባችሁ ድንኳን የተከለው ቤተሰብ በእናንተው አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ፣ ነገ ማታም የሚቀጥለው ከተማ ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከወዲያ የሚመጣው ደግሞ እናንተ ነገ የምትነዱትን መንገድ ትናንት ነድቶታል። የቱ ድልድይ እንደተዘጋ፣ የቱ ድንበር ላይ ሰልፍ እንዳለ ያውቃል። ከእሱ ጋር ወሬ ለመጀመር ሰበብ መፈለግ አያስፈልግም።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያውና ትልቁ፣ ሰው ሁሉ የግድ የሚመጣበት አንድ ቦታ መኖሩ ነው። ማዕድ ቤት፣ ዕቃ ማጠቢያ፣ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ ረጅም የእራት ጠረጴዛ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ላይ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1950 አሳትመው ነበር። ማን ከማን ጋር እንደሚቀራረብ በአብዛኛው የወሰነው የቤቱ አቀማመጥ ነበር። ጎን ለጎን የሚኖሩት ይዋደዳሉ። ደረጃ ሥር የሚኖሩት ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ሰዎች ጋር የበለጠ ይተዋወቃሉ፤ ሁሉም በእነሱ በር ያልፋላ። ለአንድ ሌሊት ማደሪያም ያው ነው። «ባር አለን» ከሚለው ማስታወቂያ ይልቅ «የጋራ ማዕድ ቤት» የሚለው ይጠቅማችኋል። ባር ውስጥ ሰው አብሮት ከመጣው ጋር ይቀመጣል። ምድጃ ላይ ግን ወረፋ አለ፤ ወረፋ ባለበት ደግሞ ወሬ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ከቀኑ 11 ሰዓት የደረሰ ሰው ከሚያበስሉት ጋር ያበስላል። ከምሽቱ 3 ሰዓት የደረሰ ዕቃ እያጠቡ ከሚያወሩት ጋር ይደርሳል። ከምሽቱ 5 ሰዓት የደረሰው ድምፁን አጥፍቶ አልጋውን ይፈልጋል። እኔ ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶብኛል። «አንድ ከተማ ልጨምር» እያልኩ የነዳሁባቸው ምሽቶች ሁሉ ጭር ያሉ ነበሩ። ስለዚህ ማደሪያ ስትመርጡ ርቀቱንም አብራችሁ አስሉ። 80 ኪሎ ሜትር ቀረብ ያለ ደህና ማደሪያ፣ ራቅ ካለ ምርጥ ማደሪያ ይሻላል። የደኅንነትም ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ የዳውሰንና የሪድ ጥናት 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚሆን አሳይቷል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት የነቃ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ እዚያ ደርሷል ማለት ነው።

ሦስተኛው መውጫ ነው። የተዋወቃችሁት ሰው ካልተመቻችሁ ሰበብ ሳትፈልጉ ተነስታችሁ ወደ ራሳችሁ በር መሄድ ትችላላችሁ ወይ? ይህን መስፈርት በምንም አትለውጡት።

የቀሩት ቶሎ ይነገራሉ። መኪናው የት ያድራል? የውጭ ታርጋ ያለው፣ ዕቃ የተጫነበት መኪና መንገድ ዳር ከቆመ ልባችሁ እሱ ጋ ነው፤ ጨዋታው አይጥማችሁም። እንቅልፍስ? ነገ ትነዳላችሁ። ዋጋን መጨረሻ ላይ የማነሳው፣ ደግነቱ ሰው የሚገናኝባቸው ማደሪያዎች ብዙውን ጊዜ ከርካሾቹ መሃል ስለሆኑ ነው።

ሆስቴል

ሆስቴል ሲጀመርም ለመንገደኛ የታሰበ ነው። ሪቻርድ ሺርማን የሚባል ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ያዛቸው። አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ። ሐሳቡ እዚያ ተጠነሰሰ። በ1912 አልቴና ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው ሆስቴል ተከፈተ።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ሆስቴል ውስጥ ብቻውን የመጣ ሰው ብርቅ አይደለም። «ከየት መጣህ? ወዴት ነሽ?» ብሎ መጠየቅም ነውር የለውም። የጋራ ቦታ የሚለውን መስፈርት በሙሉ ልብ ያልፋል።

ለመኪና ተጓዥ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ብዙ ሆስቴሎች መሃል ከተማ ናቸው፤ መኪና ማቆሚያ የላቸውም። አንዳንድ የአውሮፓ ከተሞች ደግሞ ለአየር ጥራት ብለው መሃል ከተማ የሚገባን መኪና አስቀድሞ እንዲመዘገብ ወይም ተለጣፊ እንዲገዛ ያስገድዳሉ። ሁለተኛ፣ እዚያ የምታገኟቸው ሰዎች ብዙዎቹ በባቡርና በአውሮፕላን የመጡ ናቸው። ነገ የእናንተ መንገድ ላይ አይኖሩም። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ያለ፣ ግቢ ያለው፣ አነስ ያለ ሆስቴል ፈልጉ። 30 አልጋ ያለው ቤት 300 አልጋ ካለው ይሻላል። ትልቁ ውስጥ ሰው በቡድን በቡድኑ ይቀመጣል፤ ትንሹ ውስጥ ግን ሁሉም አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው።

የእንግዶችን አስተያየት ስታነቡ «ንጹሕ ነው» የሚለውን እለፉት። «አብረን አበሰልን»፣ «ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ከሌሎቹ ጋር አስተዋወቀችን» የሚል ካገኛችሁ ያዙት። በጭፈራ የታወቀውን ግን ተዉት። እዚያ ጨዋታ የሚሞቀው በመጠጥ ነው። አልኮል ከሰውነት የሚወጣው በጊዜ ብቻ ነው፤ ቡና መጠጣትም ሻወር መውሰድም አያፈጥነውም። ሌሊቱን የጠጣ ሰው ጠዋት መሪ ሲይዝም ገና ስካሩ ላይወጣለት ይችላል።

ካምፒንግ

በመኪና ለሚጓዝ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ይሄ ነው። ምክንያቱ ድንኳኑ አይደለም። እዚያ የሚያድረው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል እንደ እናንተ በመንገድ የመጣ ነው፤ ነገም በመንገድ ይሄዳል። መኪናችሁ ዓይናችሁ ሥር ይቆማል። ግድግዳ ስለሌለ ጎረቤቱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ይታያችኋል። ሰው ድንኳን ሲተክል፣ ካስማ ሲያጣ፣ መዶሻ ሲፈልግ ታያላችሁ። መዶሻ ማዋስ ከማንኛውም የቋንቋ ችሎታ የተሻለ ሰላምታ ነው።

የቦታ ምርጫው ላይ ግን ሰው ይሳሳታል። ሲገቡ «ጸጥ ያለውን ጥግ ስጡን» ይላሉ። ጥጉ የሚያምር እይታ ሊኖረው ይችላል፤ ማንም ግን በዚያ አያልፍም። የፌስቲንገርን ደረጃ አስታውሱ። ከዕቃ ማጠቢያው ወይም ከውሃ ቧንቧው 20፣ 30 ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ፣ መተላለፊያው ላይ ስፈሩ። ሽንት ቤቱ አጠገብ ግን አትስፈሩ፤ ሌሊቱን በር ሲንኳኳ ያድራል። ወንበራችሁን ወደ መንገዱ አዙራችሁ አስቀምጡ። ለመኪናው ጀርባ የሰጠ ወንበርና ፊቱን ወደ መኪናው ያዞረ ወንበር ለአላፊው የሚሉት ነገር የተለያየ ነው።

ጉድለቱም አለ። ብዙ ካምፒንጎች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ጸጥታ ያዛሉ፤ መኪና ማስገቢያውን የሚዘጉም አሉ። ዘግይቶ ለደረሰ አይሆንም። ዝናብ ከመጣ ሁሉም ዚፑን ዘግቶ ይገባል፤ ጣሪያ ያለው የጋራ ማዕድ ቤት ከሌለ ምሽቱ እዚያው አበቃ። አየሩ አጠራጣሪ ሲሆን አዳራሽ ወይም ማዕድ ቤት ያለውን ብቻ ያዙ። ድንኳን ለሌለው ሰው ብዙ ቦታ ትንንሽ የእንጨት ቤቶች ይከራያሉ።

የሰው ቤት

የአገሩን ሰው በእውነት ለማወቅ ከዚህ የሚበልጥ የለም። መንገደኛን በቤቱ ከሚያሳድር ሰው ጋር የሚያገናኙ መረቦች አሉ። ሰርቫስ እ.ኤ.አ. በ1949 የተመሠረተው በሕዝቦች መካከል ሰላምና መግባባትን ለማስፋት ነው፤ አባል የሚሆን ሰው አስቀድሞ ቃለ መጠይቅ ይደረግለታል። ካውችሰርፊንግ በ2004 ጀመረ፤ ከ2020 ወዲህ በብዙ አገሮች የአባልነት ክፍያ ይጠይቃል። ዋርምሻወርስ የሚባለው ግን ለብስክሌት ተጓዦች የተዘጋጀ ስለሆነ ለባለ መኪና አይሆንም።

ችግሩ «አንድ ሌሊት» የሚለው ላይ ነው። ማታ 3 ሰዓት ደርሶ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጣ እንግዳ የሰውን ቤት ሆቴል አደረገው። አስተናጋጁም ይህን ያውቃል፤ የአንድ ሌሊት ጥያቄ ብዙ ጊዜ የማይመለስለት ለዚህ ነው። የሰው ቤት ከመረጣችሁ ሁለት ሌሊት አድርጉት። የሰርቫስም የተለመደ ቆይታ ሁለት ሌሊት ነው። ይህ ካልሆነ አስተናጋጆቹን ለማደሪያ ሳይሆን ለእራት ወይም ለእግር መንገድ ጠይቁና ሌላ ቦታ እደሩ። ብዙዎቹ ይህንን በደስታ ይቀበላሉ።

መውጫው ላይ ደካማ ነው፤ ቤቱ የአስተናጋጁ ነው። ስለዚህ ከእናንተ ጋር ጾታቸው አንድ የሆነ እንግዶች የጻፉትን ምስክርነት አንብቡ። መጀመሪያ ሰው ባለበት ቦታ ተገናኙ። መኪናችሁን ሌላ መኪና ከኋላ በማይዘጋበት ቦታ አቁሙ፤ ነዳጅ ቀድታችሁ ግቡ። የሌላ አንድ ማደሪያ ስልክ ቁጥር ይዛችሁ እደሩ። አስተናጋጁን መናቅ አይደለም። መውጣት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው ዘና ብሎ ይጫወታል።

ገስት ሃውስ

ባለቤቶቹ እዚያው የሚኖሩበት፣ አምስት ስድስት ክፍል ያለው ቤት ከሆነ፣ ለዓይን አፋር ሰው ከሁሉ የተሻለ ነው። የራሳችሁ ክፍል አለ፣ በሩ ይቆለፋል፣ መኪናው ብዙ ጊዜ ግቢ ይገባል። ሰው ማስተዋወቁን ባለቤቷ ትሠራላችኋለች። ግን አንድ ጥያቄ ሳትጠይቁ አትክፈሉ፦ «እራት አለ? እንግዶቹ የሚበሉት አብረው ነው ወይስ ለየብቻ?» ቁርስ ብቻ ከሆነ ሰው ለመሄድ በቸኮለበት ሰዓት ነው የምትገናኙት።

ሆቴል፣ ሞቴልና አፓርታማ

ሆቴል የተሠራው ሰው እንዳይረብሸው ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ያንን በደንብ ይሠራል። በኮድ የሚከፈተው አፓርታማ ደግሞ ባለቤቱን እንኳ አያሳያችሁም። ለዚህ ዓላማ አልመርጣቸውም። ሌላ ምርጫ ከሌለ ግን ክፍሉ ውስጥ አትብሉ። ኒኮላስ ኤፕሊና ጁሊያና ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ የቺካጎ ባቡር ተሳፋሪዎች ከማያውቁት ሰው ጋር ማውራት ጉዟቸውን የሚያበላሽባቸው መስሏቸው ነበር። እንዲያወሩ የተደረጉት ግን ዝም ብለው ከተቀመጡት ይልቅ ጉዟቸው ደስ ብሏቸዋል። የሆቴል ሎቢ ውስጥ ያለውም ሰው ዝም ያለው ስላልፈለገ ላይሆን ይችላል።

የከባድ መኪና ማረፊያ

እዚያ ያሉት ሹፌሮች መንገዱን እንደ እጃቸው መዳፍ ያውቁታል። ለሃያ ደቂቃ ወሬ ድንቅ ናቸው። ለማምሸት ግን አይሆንም፤ ሥራ ላይ ናቸው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ የከባድ መኪና ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ የቀን ዕረፍቱም በመደበኛው 11 ሰዓት ነው። መጋረጃው የተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ተኝቷል፤ አታንኳኩ። ምግብ ቤቱ ውስጥ አግኟቸው። ራሳችሁ መኪና ውስጥ ለማደር ካሰባችሁ ሕጉ ከአገር አገር፣ ከከተማ ከተማም ስለሚለያይ አስቀድማችሁ አጣሩ።

በአጭሩ ሲታይ

| ማደሪያ | የጋራ ቦታ | በብዛት የምታገኙት ሰው | ነገም የመገናኘት ዕድል | መውጫ | ለመኪናው | እንቅልፍ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|---|---|
| ሆስቴል (የጋራ ክፍል) | በጣም ጥሩ | ብቸኛ ተጓዥ | ዝቅተኛ | ጥሩ | ከተማ ውስጥ ደካማ | ደካማ | ዝቅተኛ |
| ሆስቴል (የግል ክፍል) | በጣም ጥሩ | ብቸኛ ተጓዥ፣ ጥንዶች | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ከተማ ውስጥ ደካማ | ደህና | መካከለኛ |
| ካምፒንግ | አየሩ ደግ ከሆነ በጣም ጥሩ | ባለ መኪና፣ ቤተሰብ | ከፍተኛ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | እንደ አየሩ | ዝቅተኛ |
| የሰው ቤት | ቤቱ ራሱ | የአገሩ ሰው | ሁለት ሌሊት ከሆነ ከፍተኛ | ደካማ | ይለያያል | ይለያያል | በጣም ዝቅተኛ |
| ገስት ሃውስ | የጋራ እራት ካለ ጥሩ | ባለቤቶቹ፣ ጥንዶች | መካከለኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |
| ሆቴልና ሞቴል | ደካማ | ሥራ ላይ ያለ ሰው | ዝቅተኛ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | በጣም ጥሩ | ከፍ ያለ |
| የከባድ መኪና ማረፊያ | ምግብ ቤቱ ብቻ | ሹፌሮች | ዝቅተኛ | ጥሩ | ይለያያል | ደካማ | በጣም ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

ብቻችሁን ከሆናችሁና ገንዘቡ ጠበብ ካለ፣ አየሩ ደግ ሲሆን ካምፒንግ፣ ሲከፋ ከከተማ ወጣ ያለ ትንሽ ሆስቴል። ትንሽ መጨመር ከቻላችሁ ሆስቴሉ ውስጥ የግል ክፍል ያዙ። ምሽቱ የጋራ፣ ሌሊቱ የግል ይሆናል። ለሚነዳ ሰው ይህ ሁሉንም የሚያስታርቅ ምርጫ ነው።

ብቻዋን የምትጓዝ ሴት የሴቶች ብቻ የሆነ የሆስቴል ክፍል ወይም ባለቤቶቹ እዚያው የሚኖሩበትን ገስት ሃውስ ታስቀድም። የክፍል ቁጥርንና የነገውን ማደሪያ ስም ለአዲስ ሰው መናገር አያስፈልግም። አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መጫወት ይቻላል፤ የት እንደምታድሪ ግን ሌላ ቦታ ያለ የራስሽ ሰው ይወቀው።

ጥንዶች የሚፈተኑት በሌላ ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲቀመጥ ሌላው ሰው እንዳይረብሽ ብሎ ይርቃል። ረጅም ጠረጴዛ ያለው ገስት ሃውስ ይህን ይፈታል። ከልጆች ጋር ለሚጓዝ ካምፒንግን የሚወዳደረው የለም። ልጆቹ አሥር ደቂቃ ውስጥ ኳስ ይዘው ይጠፋሉ፤ ወላጆች የሚተዋወቁት ልጆቻቸውን ሲፈልጉ ነው።

ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ የምትደርሱ ከሆነ ደግሞ ለዛሬ ተዉት። ጥሩ እንቅልፍ የሚሰጣችሁን ያዙና ተኙ። ነገ በጊዜ ድረሱ።

ከተዋወቃችሁ በኋላ

ድንበር የምታቋርጡ ከሆነ እነዚህን ሦስት ነገሮች አጥብቃችሁ ያዙ። የአዲስ ወዳጅን ቦርሳ ወይም ጥቅል ይዛችሁ ድንበር አትሻገሩ። አብሯችሁ ሊሳፈር የሚፈልግ ሰው ካለ ድንበሩን በየራሳችሁ ተሻግራችሁ ወዲያ ማዶ ተገናኙ፤ ተሳፋሪው የያዘው ነገር ሹፌሩን ሊያስጠይቅ ይችላል። መሪውንም አትስጡ። የኪራይ ውልና ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ የሚሸፍነው ስሙ የተመዘገበን ነጂ ብቻ ነው። «ይቅርታ፣ ውሉ አይፈቅድልኝም» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ጠዋት ስትለያዩ ስልክ ለመቀባበል የሚያሳፍር ስሜት ይመጣል። «የወደድኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ እንኳ ያን ያህል አልወደደኝም» የሚል። እ.ኤ.አ. በ2018 ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ ይህንን አጥንተዋል። አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ሌላው ምን ያህል እንደወደዳቸው ሲገምቱ ከእውነታው አሳንሰው እንደሚገምቱ አግኝተዋል። ስለዚህ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። ካምፒንግ ላይ ከሆናችሁ ስልክ መቀባበሉን ዕቃ እየጫናችሁ ሳይሆን ከዚያ በፊት አድርጉት። ሰው ሞተር አስነስቶ ሲቆም ልቡ ሄዷል።

መንገዳችሁ አንድ መሆኑን ካወቃችሁ «አንድ ቀን እንገናኝ» አትበሉ። «ነገ ማታ የት ልታድሩ ነው?» በሉ። ለዚህ እንዲመች የነገውን አልጋ ቀድማችሁ አትክፈሉ፤ ከያዛችሁም እስከ ማታ ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ይሁን። እነሱ የሚያድሩበት ቦታ ከእናንተ አሳብ 50 ኪሎ ሜትር ቢያጥር መንገዳችሁን አሳጥሩ። 50 ሰዓቱ መሞላት የሚጀምረው ከዚያ ሁለተኛ እራት ነው።